ትዊክናም በፍጻሜ ቀን፦ ከየትኛው ወንበር ይታያል፣ በየት በኩል ይወጣል

የእንግሊዝ ራግቢ ክለቦች ሊግ የሆነውን የፕሪሚየርሺፕን (ከ2025 ጀምሮ «ፕረም» የሚባለውን) ፍጻሜ ስታዲየም ገብቶ ለማየት ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የትኬቱን ዋጋ ነው። ፍጻሜው በሚደረግበት በደቡብ ምዕራብ ለንደኑ ትዊክናም ስታዲየም ግን ቀኑን የሚያሳምሩትም የሚያበላሹትም ሁለት ሌሎች ነገሮች ናቸው፤ የተቀመጡበት ወንበርና የሚመለሱበት መንገድ። ሁለቱም ከቤት ሳይወጡ ይወሰናሉ፣ ሁለቱም ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል።

ስታዲየሙ 82,000 ያህል ሰው ይይዛል። ከ2024 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በውል የተሰጠው ስም አሊያንዝ ስታዲየም ነው፤ የባቡር ጣቢያውም ሰውም ግን አሁንም ትዊክናም ነው የሚሉት፣ እኛም እንደዚያው እንላለን። በ1909 የመጀመሪያው ጨዋታ የተደረገበት ይህ ቦታ ከዚያ በፊት የአትክልት እርሻ ነበር። ጎመን ይበቅልበት ነበርና የድሮ ደጋፊዎች እስከ ዛሬ «የጎመን መደብ» ይሉታል። የ1991 እና የ2015 የወንዶች የዓለም ዋንጫ ፍጻሜዎች፣ የ2025 የሴቶች የዓለም ዋንጫ ፍጻሜም እዚህ ነው የተካሄዱት።

የክለቦቹ ፍጻሜ ከ2003 ጀምሮ በየዓመቱ እዚሁ ይደረጋል። አራቱ የሰንጠረዡ መሪዎች ለግማሽ ፍጻሜ ያልፋሉ፣ አንደኛና ሁለተኛ የወጡት በሜዳቸው ያስተናግዳሉ፣ ከሳምንት በኋላ ሁለቱ አሸናፊዎች ትዊክናም ይገናኛሉ። በ2003 ዋስፕስ ግሎስተርን 39 ለ 3 ነበር ያሸነፈው። ያ ዓይነት ፍጻሜ አሁን ብርቅ ሆኗል። በ2021 ሃርለኩዊንስ ኤክሰተርን 40 ለ 38፣ በ2022 ሌስተር ሳራሰንስን 15 ለ 12፣ በ2024 ኖርዝሃምፕተን ባዝን 25 ለ 21፣ በ2025 ደግሞ ባዝ ሌስተርን 23 ለ 21 አሸንፏል። በመካከል የ2023ቱ ብቻ ነው በ10 ነጥብ የተለየው፤ ሳራሰንስ ሴልን 35 ለ 25። ራግቢ ውስጥ አንድ ቅጣት ምት 3 ነጥብ፣ አንድ ትራይ (ኳሱን ከተጋጣሚው የግብ መስመር በስተጀርባ መሬት ማስነካት) 5 ነጥብ እንደሆነ ካሰባችሁ፣ ከአምስቱ ፍጻሜዎች አራቱ በአንድ ምት ወይም በአንድ ሩጫ ሊገለበጡ ይችሉ ነበር ማለት ነው። ይህን አስታውሱት፤ ስለ መመለሻው ስናወራ ይጠቅማል።

ትኬቱን ስለመግዛት ብዙ የሚባል የለም። ሁለቱ ተፋላሚዎች የሚታወቁት ከፍጻሜው አንድ ሳምንት በፊት ስለሆነ፣ ማንም ቢደርስ ግድ የማይሰጠው ተመልካች ቀድሞ ቢገዛ ወንበር የመምረጥ ዕድሉ ሰፊ ነው። አንድ ክለብ የሚደግፍ ሰው ግን ግማሽ ፍጻሜው እስኪያልቅ ይጠብቅና ከክለቡ ድርሻ ቢገዛ ከወገኖቹ መሃል ይቀመጣል። በግማሽ ፍጻሜ የወደቁት ክለቦች ደጋፊዎች ትኬታቸውን የሚመልሱትም በዚያው ሳምንት ነው፤ ዘግይቶ የሚገዛ ሰው በይፋዊው የዳግም ሽያጭ ገጽ ላይ ደጋግሞ ቢመለከት ጥሩ ወንበር ሊያገኝ ይችላል። ከጣቢያው በር ላይ ከሚሸጡ ሰዎች አትግዙ። ትኬቱ በስልክ የሚያዝ ስለሆነ የምታዩት ምስል የማን እንደሆነ ማረጋገጫ የላችሁም። የራሳችሁንም ትኬት ከቤት ሳትወጡ ስልካችሁ የትኬት ማስቀመጫ ላይ አስገቡት፤ ሰማንያ ሺህ ሰው በአንድ ሰፈር ሲሰበሰብ ኢንተርኔቱ ስለሚጨናነቅ በሩ ላይ ኢሜይል መክፈት ያስቸግራል።

አሁን ወደ ወንበሩ።

ሜዳው ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋ ነው። ስለዚህ የምሥራቅና የምዕራብ ትሪቡኖች የጎን መስመሩን ይዘው ይቀመጣሉ፤ ሰሜንና ደቡብ ከግብ ምሰሶዎቹ ጀርባ ናቸው። ትሪቡኖቹ ሦስት ደርብ አላቸው፤ ትኬቱ ላይ ከብሎኩ ቁጥር በፊት ያለው ፊደል ደርቡን ይነግራችኋል፤ ኤል የታችኛው፣ ኤም የመካከለኛው፣ ዩ የላይኛው ነው።

ከእግር ኳስ የመጣ ተመልካች የመጀመሪያ ስህተቱ «ሜዳው ሥር ልቀመጥ» ማለቱ ነው። እግር ኳስ ላይ ያስኬዳል። ራግቢ ላይ ግን ኳስ ወደ ኋላ ነው የሚቀባበሉት፤ አስራ አምስት ተጫዋቾች እስከ 70 ሜትር በሚደርስ የሜዳ ስፋት ላይ በመስመር ይዘረጋሉ፤ ኳሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በተከመሩ ሰዎች ሥር መሬት ላይ ነው። ከፊት ረድፍ ሆኖ የሚያይ ሰው የሚያየው የቅርቡን ተጫዋች ጀርባና ጎኑ ላይ የሚሟሟቁትን ተቀያሪዎች ነው። በተከላካዮቹ መስመር ላይ የት ጋ እንደሳሳ፣ የኋለኛው ተከላካይ የት እንደቆመ፣ ማጥቃቱን የሚመራው አስር ቁጥር ለምን እንዳልሮጠና ለምን እንደመታ አይታየውም። የዚህ ጨዋታ ውበቱ በሰዎቹ መካከል ባለው ክፍተት ነው፤ ክፍተት ደግሞ ከላይ ካልሆነ አይታይም።

የታችኛው ደርብ የኋላ ረድፎች ሌላ ችግር አለባቸው። ከተመልካቹ ራስ በላይ የመካከለኛው ደርብ ወለል ስለሚመጣ ከፍ ብሎ የተመታ ኳስ ከዓይን ይጠፋል፤ የት እንደሚወርድ የምታውቁት ተጫዋቾቹ ወደየት እንደሚሮጡ አይታችሁ ነው። ፍጻሜ ላይ ቡድኖች አደጋ ስለሚሸሹ ከወትሮው የበለጠ ወደ ላይ ይመታሉ፤ ስለዚህ ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም። ርካሽ ሆኖ ካገኛችሁት ምክንያቱ ይኸው ነው።

ገንዘብ ካልቸገረ፣ ምርጡ ቦታ የምሥራቅ ወይም የምዕራብ መካከለኛው ደርብ ነው፤ ከመሃል መስመሩ እስከ 22 ሜትር መስመሩ ባለው ክልል። ዋጋውም ያን ያህል ይወደዳል። ለከፈሉት ገንዘብ ብዙ የሚሰጠው ግን በእኛ ግምት ከምሰሶዎቹ ጀርባ ያለው የላይኛው ደርብ ነው፤ በተለይ የመጀመሪያዎቹ ረድፎች። ከዚያ ሆናችሁ የማጥቃት መስመሩ ወደ እናንተ ሲመጣ እንደ ካርታ ተዘርግቶ ይታያል፤ ምት ሲመታ ኳሱ በምሰሶዎቹ መካከል ይለፍ ወይም ይሳት ከመስመር ዳኛው እኩል ታውቃላችሁ። በ2022 ጆርጅ ፎርድ ተጎድቶ ሲወጣ የገባው ፍሬዲ በርንስ ሊጠናቀቅ አንድ ደቂቃ ያህል ሲቀረው የመታው ጠብታ ምት (ኳሱን መሬት አስነጥሮ በምሰሶዎቹ መካከል መምታት፣ 3 ነጥብ) ሌስተርን 15 ለ 12 ሻምፒዮን አደረገው። እንዲህ ዓይነቱን ምት ከጎን ትሪቡን የሚያይ ሰው ዳኛው እጁን እስኪያነሳ ይጠብቃል፤ ከምሰሶው ጀርባ ያለው ግን ኳሱ ገና አየር ላይ እያለ ይነሳል። ጉድለቱ በወዲያኛው ጫፍ የሚቆጠር ትራይ ከመቶ ሜትር በላይ ርቆ መሆኑ ነው፤ ለእሱ ትልልቆቹ ስክሪኖች ይበቃሉ።

የላይኛው ደርብ ደረጃው ቀጥ ያለ ነው። ጉልበቱን የሚያመው፣ ከፍታ የሚያዞረው ወይም ሽማግሌ ወላጆቹን ይዞ የሚሄድ ሰው እዚያ አይግዛ፤ እይታው ጥሩ ቢሆንም መውጣት መውረዱ ቀኑን ያከብደዋል። ተሽከርካሪ ወንበር ለሚጠቀሙ የተለየ ቦታ አለ፤ እሱ ግን ከተራው ሽያጭ ለብቻው ስለሚያዝ ቀድሞ መደወል ያስፈልጋል።

ፀሐይንም አስቡ። ፍጻሜው በአመዛኙ በሰኔ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ይጀምራል፤ ትኬቱ ላይ 15:00 ተብሎ ይጻፋል። በዚያ ሰዓት ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ምዕራብ አዘንብላለች፤ ምዕራብና ደቡብ ጥላ ውስጥ ሲሆኑ ምሥራቅና ሰሜን ፀሐይን ፊት ለፊት ይቀበሏታል። አዲስ አበባ ስታዲየምን ለሚያውቅ በአጭሩ ለመንገር፣ የትዊክናም ጥላ ፎቅ ምዕራብ ነው። ሰሜን ወይም ምሥራቅ ከደረሳችሁ ጠርዝ ያለው ኮፍያ ያዙ። ለዝናብ ደግሞ ጃንጥላ ሳይሆን ካፖርት፤ ጃንጥላ የኋላውን ሰው ዓይን ይጋርዳል። ጣሪያው አብዛኛውን ወንበር ይሸፍናል፣ የታችኛው ደርብ የፊት ረድፎች ግን ይረጥባሉ።

በአንድ ረድፍ ውስጥም ምርጫ አለ። እንግሊዝ ውስጥ እግር ኳስ ላይ ሜዳው እየታየ መጠጥ መጠጣት በሕግ ክልክል ነው፤ ራግቢ ላይ አይከለከልም፣ ሰዎችም ቢራቸውን ይዘው ወንበራቸው ድረስ ይመጣሉ። ውጤቱ ሰማንያ ደቂቃ ሙሉ የማያቋርጥ መነሳትና መቀመጥ ነው። በመተላለፊያው ጫፍ የተቀመጠ ሰው ለረድፉ ሁሉ ይነሳል፤ ከጫፉ አምስት ስድስት ወንበር ገባ ያለ ግን ያን ያህል አይረበሽም። ትንንሽ ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ወይም ጨዋታው እንዳለቀ መውጣት የምትፈልጉ ከሆነ ጫፉ ይሻላል። ሌላው ሰው ወደ መሃል ይግባ። ይህ መመላለስ የትዊክናም ትልቁ ጉድለት ነው፤ በተለይ ልብ በሚሰቅለው የመጨረሻ ሩብ ሰዓት ፊት ለፊታችሁ ሰው አራት ብርጭቆ ይዞ ሲያልፍ ያናድዳል።

ደጋፊዎች ግን አይለያዩም። የባዝ ሰማያዊ የለበሰና የሌስተር አረንጓዴ የለበሰ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ በመካከላቸው የፖሊስ መስመር የለም። ቤተሰብ ይዞ ለሚሄድ ሰው ይህ ዋጋ አለው፤ ልጅ የፈለገውን ማሊያ ለብሶ በየትኛውም በር ሊገባ ይችላል። ከጨዋታው በፊት ግን ሜዳው ዳር እሳት ይተኮሳል፣ ድምጽ ማጉያውም ኃይለኛ ነው፤ ለሕፃናት የጆሮ መከላከያ ያዙ። አንድ ደንብ ደግሞ አክብሩ፤ መቺው ኳሱን አስቀምጦ ሲያነጣጥር፣ የሚደግፉት ቡድን ባይሆንም ዝም ማለት ነው ልማዱ። ለቅጣት ምት 60 ሰከንድ ነው ያለው፣ የሚከብድ ዝምታ አይደለም።

ለራግቢ አዲስ የሆነ ሰው ከመጠጥና ከሻርፕ በፊት ገንዘቡን ሊያውልበት የሚገባ አንድ ዕቃ ቢኖር የዳኛው የጆሮ ሬዲዮ ነው። ስታዲየሙ ዙሪያ የምትሸጥ ትንሽ ሬዲዮ ናት፤ ዳኛው በማይክሮፎኑ ከተጫዋቾችና ከቪዲዮ ዳኛው ጋር የሚነጋገረውን ታሰማለች። ራግቢ ላይ ፊሽካው ለምን እንደተነፋ ሁልጊዜ በዓይን አይታይም፤ ከክምሩ ሥር እጁን ያስገባው ማን ነው፣ ስክረሙ (የሁለቱ ቡድን የፊት ተጫዋቾች ተያይዘው የሚገፋፉበት ክምር) የወደቀው በማን ጥፋት ነው የሚለውን ዳኛው ራሱ ጮክ ብሎ ይናገራል። በ2024 የባዙ ቤኖ ኦባኖ ገና በ21ኛው ደቂቃ ከአንገት በላይ በሆነ ግጭት በቀይ ካርድ ሲወጣ፣ የውሳኔው ምክንያት ከሩቅ በዓይን ብቻ የሚጨበጥ አልነበረም፤ ሬዲዮዋ የምትጠቅመው ለዚህ ነው። በስልክ የቀጥታ ስርጭት ከፍቶ ለመስማት መሞከር አይሠራም። ስርጭቱ ከሜዳው ብዙ ሰከንድ ወደ ኋላ ስለሚቀር ትራዩ ከተቆጠረ በኋላ ነው የሚነግራችሁ።

ምግቡ ላይ ብዙ አንቆይም። ውስጥ ያለው ውድ ነው፣ ሰልፉም የእረፍቱን ሰዓት ይበላዋል። ከጣቢያው እስከ ስታዲየሙ ባለው መንገድ ላይ የሰፈሩ ነዋሪዎች ሳይቀሩ በግቢያቸው በር ላይ ሥጋ ጠብሰው ይሸጣሉ፤ ከውስጡ ያ ይሻላል። ጾመኛ ግን ቀኑን ይቁጠር። ፍጻሜው በሰኔ ሲውል ከሐዋርያት ጾም ጋር ሊገጥም ይችላል፤ በ2025 ጾሙ ሰኞ ጁን 9 ገብቶ ፍጻሜው ቅዳሜ ጁን 14 ነበር። የድንች ጥብስ አለ፤ ዓሣና ዶሮ ከተጠበሰበት ዘይት ሊወጣ ስለሚችል ግን መጠየቅ ያስፈልጋል። ከቤት ጠግቦ መሄድ ከሁሉ ይቀላል።

ቦርሳ ከአንድ የጽሕፈት ወረቀት መጠን፣ ማለትም ከኤ4፣ መብለጥ የለበትም። ጀርባ ላይ የሚታዘል ትልቅ ቦርሳ ይዞ የመጣ ሰው በር ላይ ይመለሳል። የመስታወት ጠርሙስና ጣሳም አይገቡም። የፍተሻው ሰልፍ የሚረዝመው በመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ስለሆነ፣ ከጨዋታው አንድ ሰዓት ቀድማችሁ በሩን እለፉ።

መሄዱ ቀላል ነው። ከዋተርሉ ወይም ከክላፋም ጃንክሽን ትዊክናም የሚሄደውን ባቡር ትይዛላችሁ፤ ከዋተርሉ ፈጣኑ 25 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፤ ከጣቢያው በእግር 10 እስከ 15 ደቂቃ ነው፣ ሕዝቡን መከተል ነው። ጣቢያው በለንደን ትራንስፖርት ዞን 5 ውስጥ ስለሆነ የባንክ ካርድ ወይም ኦይስተር (የለንደን የትራንስፖርት ካርድ) ይሠራል፤ ስትገቡ የነካችሁበትን ያንኑ ካርድ ስትወጡም ንኩ፤ በካርድ ገብቶ በስልክ የሚወጣ ሰው ሁለት ጊዜ ይቆረጥበታል። በመኪና መሄድን እርሱት። በጨዋታ ቀን ዙሪያው ላይ ማቆም ለነዋሪ ብቻ ነው የሚፈቀደው፣ ዋናው መንገድም ይዘጋል።

ችግሩ መመለሱ ነው፤ በአንድ የከተማ ዳር ጣቢያ ላይ ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። የባቡር ድርጅቱ ሰልፉን እንደየአቅጣጫው ይለያል፤ ወደ ለንደን የሚሄደው አንድ ወገን፣ ወደ ሬዲንግ የሚሄደው ሌላ ወገን። የተሳሳተው ሰልፍ ውስጥ የገባ ሰው ከመጨረሻው ይጀምራል፤ ስለዚህ ምልክቱን ሳታዩ አትሰለፉ። ጨዋታው እንዳለቀ የወጣ ሰው ቆሞ አንድ ሰዓት ያህል ሊጠብቅ ይችላል።

ይህን ለማምለጥ በ75ኛው ደቂቃ የሚነሱ አሉ። ከላይ የዘረዘርናቸውን ውጤቶች መልሳችሁ አንብቡ፤ በ2024 ኖርዝሃምፕተን መሪነቱን የያዘው አሌክስ ሚቸል በ73ኛው ደቂቃ ባስቆጠረው ትራይ ነው። ከአምስት ፍጻሜ አራቱ በ4 ነጥብና ከዚያ በታች በሚለይ ጨዋታ ላይ የመጨረሻ አምስት ደቂቃዎችን ለባቡር መስጠት ትኬቱን መጣል ነው። እኩል ከሆኑ ደግሞ በሁለት ግማሽ 10፣ 10 ደቂቃ ይጨመራል። በ2014 ኖርዝሃምፕተን ሳራሰንስን 24 ለ 20፣ በ2017 ኤክሰተር ዋስፕስን 23 ለ 20 ያሸነፉት በዚያ ተጨማሪ ሰዓት ነበር። ስለዚህ ከምሽቱ 2 ሰዓት በፊት የሚነሳ የረዥም መንገድ ባቡር ወይም አውቶቡስ አትቁረጡ። ሰዓቱ ሜዳ ላይ እየቆመ ስለሚቆጠር 80 ደቂቃው ከእረፍቱ ጋር ሁለት ሰዓት ይጠጋል።

የሚሻለው ተቃራኒው ነው። ዋንጫው ሲነሳ ቆዩ፣ ተጫዋቾቹ ሜዳውን ሲዞሩ እዩ፤ ከዚያ ወደ ትዊክናም ጣቢያ ሳይሆን ወደ ሌላ አቅጣጫ ሂዱ። ዊተን ጣቢያ በእግር 20 ደቂቃ ያህል ነው፣ ሰልፉም አጭር ነው፤ በዚያ ቀን ባቡሩ የሚቆምበት መሆኑን ግን ጠዋት አረጋግጡ። የፒካዲሊን የምድር ውስጥ ባቡር መስመር ለሚፈልግ ሃውንስሎው ኢስት በእግር 40 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ወደ ሂትሮ ለሚሄድም ወደ ኪንግስ ክሮስ ለሚመለስም ይሆናል። ለአብዛኛው የለንደን ነዋሪ የምንመርጠው ግን ሪችመንድን ነው። ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፣ መንገዱ ለጥ ያለ ነው፣ የቴምዝን ወንዝ ታቋርጣላችሁ፤ መራመድ ለማይችል የጨዋታ ቀን አውቶቡስ አለ። ለሰሜንና ለምሥራቅ ለንደን የሚልድሜይ የባቡር መስመር በካምደን ሮድና በሃክኒ ሴንትራል አድርጎ ስትራትፎርድ ይደርሳል፤ ለመሃል ከተማ ደግሞ የዲስትሪክት መስመር አለ። ሁለቱም ጉዟቸውን የሚጀምሩት ከሪችመንድ ስለሆነ፣ ባቡሩ ቆሞ፣ ወንበሩ ባዶውን ይጠብቃችኋል።